ዳንቴሉ ወይስ ሥዕሉ? ስለ ልጅነት የእጅ ሥራ ለአንዲት እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ10 ዓመት ልጅ አለችኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከአያቷ ዳንቴል ተምራ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኪሮሿን ይዛ ቁጭ ነው። መጀመሪያ አያቷ ያሳየቻትን ትሠራ ነበር። አሁን ግን የራሷን እየጨመረች የተጣመመና የተኮማተረ ነገር ታወጣለች። ከዚያ ትተረትረውና እንደገና ትጀምራለች። አባቷ ‹ይሄ ያለፈበት ነገር ነው፤ የጥበብ ዝንባሌ ካላት ሥዕል እናስተምራት› ይላል። ጎረቤቶች ደግሞ ወደውላት ለሶፋቸው እንድትሠራላቸው በገንዘብ ማዘዝ ጀምረዋል። የእጅ ሥራው ወደፊት ለፈጠራ ችሎታዋ ይጠቅማታል? ወይስ ጊዜዋን እያባከንን ነው? ትእዛዙንስ ትቀበል?»

እህቴ፣ መልሱን መጀመሪያ ልንገርዎ። ዳንቴሉን አይንጠቋት። የሥዕል ትምህርቱ ይደርሳል፣ ጎን ለጎንም ሊሄድ ይችላል። ትእዛዙን ግን ለጊዜው ያቁሙላት። ለምን እንደምል አንድ በአንድ ላስረዳዎት።

ስለ እጅ ሥራ ጥቅም ሲወራ ሁሌም የሚነሱ ሁለት ነገሮች አሉ። ጣት ያፍታታል፣ ትዕግሥት ያስተምራል ይባላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ዋናው ጥቅም እዚያ ላይ ነው ብዬ አላምንም። ዳንቴል ላይ የፈጠነ ጣት ብሩሽ ሲይዝ ወዲያው ሠዓሊ አይሆንም፤ ብሩሽ ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ከልጅነት የእጅ ሥራ ወደ ኋላ ዘመን ጥበብ የሚሻገረው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ከዕቃው ጋር መነጋገር ይለምዳል። ክሩ፣ ሽቦው ወይም ጭቃው እንቢ ሲል ምን እንደሚደረግ ይማራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ለራሱ መጠየቅ ይጀምራል። «እንዲህ ባደርገውስ?» ይላል ማለት ነው። ልጅዎ የተጣመመ ነገር እያወጣች እንደምትተረትረው ሲነግሩኝ የተደሰትኩት ለዚህ ነው።

እስቲ ያንን የተጣመመ ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ከመሃል ተነስቶ ክብ እየሆነ የሚሄድ ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዲተኛ ከተፈለገ፣ በየዙሩ የሚጨመረው የዐይን (በኪሮሽ የሚወጣው የክር ቀለበት) ብዛት እኩል መሆን አለበት። በቀላሉና በአጭሩ አሠራር በየዙሩ 6 ዐይን መጨመር የተለመደ ነው። ከዚያ ካነሰ ሥራው እየተሰበሰበ ይጎደጉዳል። ከበዛ ደግሞ ጠርዙ የሚያርፍበት ያጣና ይሞገዳል። አያት ይህን ሂሳብ በቃል አትናገረውም፤ እጇ ያውቀዋል። ልጅዎ አሁን እያደረገች ያለችው ይህን ሕግ መነካካት ነው። ጨምራ ታያለች፣ ቀንሳ ታያለች፣ ክሩ ምን እንደሚላት ታዳምጣለች።

ይህ መነካካት የት ድረስ ሊወስድ እንደሚችል አንድ ታሪክ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። ዳይና ታይሚኛ የላትቪያ ተወላጅ የሂሳብ ምሁር ናት። አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር ተማሪዎቿ አንድ ዓይነት ገጽ በዓይነ ኅሊናቸው መሳል ይቸግራቸው ነበር። ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ከመጠን በላይ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ የሚሞገድ ገጽ ነው። ከዚያ በፊት ከወረቀት ቁራጭ እያጣበቁ ለማሳየት ተሞክሯል፤ ወረቀቱ ግን ቶሎ ይቀደዳል። ታይሚኛ እ.ኤ.አ. በ1997 ኪሮሿን አነሳች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) በየረድፉ በተመሳሳይ ምጣኔ ዐይን እየጨመረች ሠራችው። ተማሪዎቹ በእጃቸው ይዘው የሚያጥፉት፣ የማይቀደድ ገጽ አገኙ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2005 ማርጋሬት እና ክሪስቲን ዌርትሃይም የተባሉ እህትማማቾች ያንኑ ዘዴ ወስደው ከክር የባሕር ኮራል መሥራት ጀመሩ፤ የኮራሉ ጠርዝ የሚሞገደው በዚያው መንገድ ነውና። ብዙ ሺህ ሰው ኪሮሽ ይዞ ተቀላቀላቸው። የክር ኮራሉም በትልልቅ ሙዚየሞች ታየ። የሁሉም መነሻ አያት «አበላሸሽው፣ ጠርዙ በዛ» የምትለው ዓይነት ዳንቴል ነው።

ልጅዎ የሂሳብ ሊቅ ትሆናለች እያልኩ አይደለም። የያዘችው መንገድ እውነተኛ የፈጠራ መንገድ እንደሆነ ላሳይዎት ፈልጌ ነው።

ይህን ሐሳብ በጥናት የሚደግፍ አንድ የቆየ ሥራ አለ። ጄኮብ ጌትዝልስ እና ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት 31 ተማሪዎችን ወሰዱ። 27 ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደሩላቸው። «የፈለጋችሁትን መርጣችሁ አዘጋጁና ሣሉት» አሏቸው። አንዳንዶቹ ጥቂት ዕቃ መርጠው፣ ቶሎ ደርድረው፣ ጊዜያቸውን ሁሉ ሥዕሉን በማሳመር አጠፉት። ሌሎቹ ግን ብዙ ዕቃ አነሱ። አገላብጠው አዩት፣ ዳሰሱት፣ የሚንቀሳቀስ ክፍል ካለው አንቀሳቅሰው ሞከሩት። ሥዕሉን ከጀመሩ በኋላም ሐሳባቸውን እየቀየሩ ቆዩ። የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ የማያውቁ ባለሙያዎች ሲዳኙ፣ የተሻለ አዲስ ነገር አለበት የተባለው የእነዚህ የሁለተኞቹ ሥራ ሆነ።

ይበልጥ የሚገርመው የኋላው ነው። ተመራማሪዎቹ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ተማሪዎቹ የት እንደደረሱ ጠየቁ። ግማሽ ያህሉ ጥበቡን ትተውታል። በሙያው ጸንተው ስም ካገኙት መካከል ግን ያኔ ዕቃውን ሲያገላብጡ የቆዩት ይበዙ ነበር። እንግዲህ የሰዎቹን የኋላ መንገድ የጠቆመው የእጅ ቅልጥፍና ብቻ አልነበረም። ምን እንደሚሣሉ ከመወሰናቸው በፊት ያጠፉት ጊዜ፣ ያ ዳሰሳ ነበር። ልጆች ይህን ልማድ በነፃነት የሚያገኙት የት ነው ቢሉኝ፣ የእጅ ሥራ ሲጫወቱ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ከልጅነት እጅ ሥራ እስከ ታላቅ ጥበብ ድረስ ያለው መስመር እንደ ቀራፂው አሌክሳንደር ካልደር ጥርት ብሎ የሚታይበት ሰው የለም ብዬ አምናለሁ። ካልደር የተወለደው በ1898 አሜሪካ ውስጥ ነው። 8 ዓመት አካባቢ ሳለ መሣሪያ ተሰጠው፤ ቤታቸው ውስጥም የራሱ መሥሪያ ቦታ ተመደበለት። የመብራት ሠራተኞች መንገድ ላይ ጥለውት የሚሄዱትን የመዳብ ሽቦ ከእህቱ ጋር ይለቅም ነበር። በዚያ ሽቦ ለእህቱ አሻንጉሊቶች የአንገትና የእጅ ጌጥ ሠራ። በ1909 ለገና ለወላጆቹ ከናስ ቆርጦ ያጠፋቸውን አንድ ውሻና አንድ ዳክዬ ሰጣቸው። ዳክዬው ነካ ሲያደርጉት ይወዛወዛል።

ያ ልጅ አድጎ ሥዕል ትምህርት ቤት አልሮጠም። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ በ1919 ተመረቀ። ጥበብን የተማረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1926 ፓሪስ ገብቶ ከሽቦ፣ ከጨርቅና ከቡሽ ትንሽ የሰርከስ ትርኢት ሠራ። መሬት ላይ ተንበርክኮ በእጁ እያንቀሳቀሰ ለሰው ያሳይ ነበር። ከትንሽ ዓመታት በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በሽቦ የተንጠለጠሉ በነፋስ የሚንቀሳቀሱ ቅርጾችን ፈጠረ። ከዚያ በፊት ቅርጻ ቅርጽ ማለት በአብዛኛው ቆሞ የሚታይ ድንጋይ፣ ነሐስ ወይም እንጨት ነበር። ካልደር እንዲንቀሳቀስ አደረገው። እስቲ ዳክዬውን ያስቡት። የሚወዛወዝ ብረት የሚለው ሐሳብ ገና በ11 ዓመቱ እጁ ላይ ነበር። ሽቦውም ያው የመንገዱ ሽቦ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የካልደር አባት ቀራፂ፣ እናቱ ሠዓሊ ነበሩ። ቤቱ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። ስለዚህ ሽቦው ብቻውን ካልደርን ፈጠረው ማለት አይቻልም። ወላጆቹ ግን አንድ ቁልፍ ነገር አድርገዋል። ቦታና መሣሪያ ሰጥተው ተዉት።

ሁለተኛዋ ቀራፂዋ ሉዊዝ ቡርዧ ናት፤ ልጅዎም ክር ስለያዘች ይህችኛዋ ይበልጥ ትቀርባታለች። በ1911 ፓሪስ ተወለደች። ወላጆቿ ያረጁ፣ በክር የተሠሩ ትልልቅ የግድግዳ ምንጣፎችን እየጠገኑ ይሸጡ ነበር። ምንጣፎቹ ብዙ ጊዜ የሚበሉት ከሥር በኩል ነው። በላያቸው የተሠሩት ሰዎችና እንስሳት እግራቸው ጠፍቶ ይመጣል። ቡርዧ ገና ልጅ ሳለች የጠፋውን እግር በሥዕል እየሞላች ጠጋኞቹ እንዲሠሩበት ትሰጥ ነበር። የእናቷን እጅ በመርፌ ሲሠራ እያየች አደገች።

እሷም ቀጥታ ወደ ጥበብ አልሄደችም። ሶርቦን ገብታ መጀመሪያ ሂሳብ ነው የተማረችው። ከዚያ ወደ ሥዕል፣ ከዚያም ወደ ቅርጻ ቅርጽ ተሻገረች። እንጨት፣ እብነ በረድ፣ ጎማ ሁሉንም ሞከረች። በ1999 ከ9 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትን ግዙፍ የብረት ሸረሪት ሠራች። ስሟን «እማማ» አለቻት። ሸረሪት ክር ፈትላ የምትሠራ፣ ሲበጠስባት የምትጠግን ናት፤ ለቡርዧ እናቷ ያች ነበረች። በመጨረሻ ዕድሜዋ፣ ከ80 ዓመት በኋላ፣ የድሮ ልብሶቿንና አንሶላዎቿን እየቆረጠች ሰውነት የሚመስሉ ቅርጾች በመርፌ ሰፋች። በ2010 በ98 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ክርና ጨርቅ ከእጇ አልጠፉም። የልጅነት እጅ ሥራ በሕይወት መሃል ሊደበቅ ይችላል። ሥሩ ግን አይደርቅም፤ ሲፈለግ ከነትዝታው ይገኛል።

ወደ አገራችን ልምጣ። ኤልያስ ስሜ በ1968 አዲስ አበባ የተወለደ ነው። በልጅነቱ መስፋትና ጥልፍ፣ የተሰበረ የቤት ዕቃ መጠገንም ይወድ ነበር። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1990 ተመረቀ። ሥራዎቹን ያየ ሰው ግን ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የልጅነቱን መርፌ ነው የሚያየው። ሸራ ላይ በቀለም ከመሣል ይልቅ በክር እየሰፋ ሥዕል ሠራ። ቁልፍ ደረደረ። ከዚያ ከመርካቶ የሚገኘውን የተጣለ ኤሌክትሮኒክስ አነሳ። የኮምፒውተርና የስልክ ሽቦ እየጎነጎነ፣ ከሩቅ ሲታይ ከአየር ላይ የተነሳ መሬት የሚመስል ግዙፍ ሥራ አወጣ። ዓለም ያወቀው በዚህ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየምም በ2019 ተከፍቷል፤ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። አዲስ አበባ ስለሆናችሁ አንድ ቅዳሜ ልጅዎን ይውሰዷት። ግድግዳው ላይ ያለውን የጣት ሥራ ትይ። ቢቻል አያቷም አብረው ይሂዱ።

የዘሪሁን የትምጌታንም ሥራ ካገኙ ያሳዩዋት። ሸማኔ በሚጠቀምበት የቀርከሃ ዘንግ ላይ የሣለ ሰው ነው። በ1992 በሴኔጋል ዳካር በተካሄደው ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚደረግ የጥበብ ትርኢት) ከፍተኛውን ሽልማት ከወሰዱት አንዱ ነው። የሽመና ዕቃ ለእሱ ሸራ ሆነለት።

ደግሞ እንዴት ነው የረሳነው? የእኛ አገር ልጅ ሁሉ በእጅ ሥራ ነው ያደገው። የጭቃ በሬ ሠርተን ፀሐይ ላይ አድርቀናል። ከሽቦ መኪና ሠርተን በቆርኪ ጎማ ነድተናል። የካልሲ ኳስ ጠቅልለናል። ለእንቁጣጣሽ መልአክና አበባ ሥለን በየጎረቤቱ ዞረናል። ለብዙ ልጅ ያ የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ነው፤ የራስን ሥራ ሰው እጅ ላይ አስቀምጦ ፊቱን ማየት። በገጠር ያለች ልጅ ደግሞ ስንደዶና አክርማ ይዛ፣ ወስፌ ጨብጣ ስፌት ትማራለች። አክርማውን ቀልማ አለላውን ስታስገባ የቱ ቀለም ከየቱ አጠገብ እንደሚያምር የምትወስነው ራሷ ናት። ንድፉ ወረቀት ላይ የለም። ከመሃል ተነስታ ስትዞር፣ ሃያኛው ዙር ላይ የሚመጣውን አበባ ገና አምስተኛው ላይ ሆና ማሰብ አለባት። ይህን የምትችል ልጅ ቅንብር የሚባለውን የሥዕል ትምህርት ሳትሰማው ታውቀዋለች።

ታዲያ አባቷ «ያለፈበት ነው» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ይህ አስተሳሰብ ከእሳቸው የመጣ አይደለም። በአገራችን በእጅ መሥራት ለረጅም ዘመን ተንቋል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ስም ወጥቶላቸው ተሰድበዋል፤ በክፉ ዓይን ታይተዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ስለከፋ ነው። ስድቡ ቀነሰ፣ ንቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣልንም። ሥዕል «ጥበብ» ይባላል፣ ዳንቴል «የሴት ሥራ» ይባላል። አንዱ ትምህርት ቤት የሚያስገባ፣ ሌላው ሶፋ የሚያለብስ ይመስለናል። ይህ ደረጃ እኛ ያወጣነው እንጂ ከሥራው የሚመጣ አይደለም። ለአባቷ የካልደርንና የኤልያስን ሥራ በስልክዎ ያሳዩዋቸው። ከክርክር ይሻላል።

አሁን ሚዛኑን ልጠብቅ። የእጅ ሥራ የተማረ ሁሉ አርቲስት አይሆንም። አርቲስት የሆነ ሁሉም በልጅነቱ በእጁ አልሠራም። የጋናው ቀራፂ ኤል አናትሱይ ጥሩ ምሳሌ ነው። አባቱና ወንድሞቹ ኬንቴ የተባለውን የጋና ባህላዊ ጨርቅ የሚሠሩ ሸማኔዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ሽመና አልተማረም። ካረጀ ጠርሙስ ክዳን እየቆራኘ የሚያንጠለጥላቸው ግዙፍ ሥራዎች ግን ጨርቅ ይመስላሉ። ምናልባት ቤተሰቡ ውስጥ የነበረው ነገር በሌላ በር ገብቶ ይሆናል። ሮበርት ሩት-በርንስታይን እና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሳይንቲስቶች ከሌላው ሳይንቲስት ይልቅ በትርፍ ጊዜያቸው ጥበብና የእጅ ሥራ እንደሚያዘወትሩ አሳይተዋል። ደስ የሚል ግኝት ነው። ነገር ግን የእጅ ሥራው ጎበዝ አደረጋቸው ወይስ የማወቅ ጉጉታቸው ወደ ሁለቱም መራቸው የሚለውን ጥናቱ ብቻውን አይፈታውም። ስለዚህ ልጅዎ ዳንቴል የምትሠራው «ወደፊት ሠዓሊ እንድትሆን» መሆን የለበትም። አሁን የምታስበው በዚያ ስለሆነ ነው መሥራት ያለባት።

ስለ ትእዛዙ። እዚህ ላይ ጠንከር ብል ይቅር ይበሉኝ።

በ1973 ማርክ ሌፐር እና ሁለት ባልደረቦቹ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሙከራ አደረጉ። በማርከር መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ብለው አስቀድመው ነገሯቸው። ሁለተኛው ሳይነገረው ከሣለ በኋላ በድንገት ተሸለመ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሮቹን እንደገና ክፍል ውስጥ አስቀመጡና ማን በራሱ ፈቃድ እንደሚያነሳ ተመለከቱ። ሽልማት አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሣሉት። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ልጆቹ የተረዱት ይመስለኛል፦ ሽልማት ካለው ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ካልተከፈለ አይሠራም።

የጎረቤት ትእዛዝ ልጅዎ ላይ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ሌላም ይጨምራል። ጎረቤት የሚያዝዘው አንድ ዓይነት፣ ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ እኩል ስድስት ፍሬ ነው። የተጣመመውን ማንም አያዝዝም። ትእዛዝ በበዛ ቁጥር «እንዲህ ባደርገውስ?» የምትለዋ ልጅ ትጠፋና ያንኑ የምትደጋግም ፈጣን እጅ ትቀራለች። ገንዘቡ ክፉ ነው አልልም። ለአንድ ሰው ወድዳ ሠርታ ብትሰጥ፣ ያ ሰው ደግሞ በድንገት አንድ ነገር ቢሸልማት ደስ ይላል። ቀን የተቆረጠለት፣ ቁጥር ያለው ትእዛዝ ግን ይቅር። 15 ወይም 16 ዓመት ሲሞላት ራሷ መሸጥ ከፈለገች ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን አክርሬ የምናገረው ሌላም ምክንያት አለኝ። ከጋሞ አካባቢ ሕፃናት «ሽመና ይማራሉ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ ከትምህርት ተለይተው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩበት ነገር አገር የሚያውቀው ቁስል ነው። እነዚያ ልጆች ከማንም ልጅ በላይ በእጃቸው ይሠራሉ። ቀሰም ያጠነጥናሉ፣ መወርወሪያ ይወረውራሉ፣ ጥለት ያወጣሉ። ግን መፍታትና እንደገና መሞከር አይፈቀድላቸውም፤ ያበላሸ ይቀጣል። እጅ እየሠራ ፈቃድ ከሌለ የማወራለት የፈጠራ ነፃነት አይኖርም። በአንፃሩ በአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ትምህርቱን እየተማረ፣ በትርፍ ጊዜው ትንሽ ትንሽ የሚለማመድ የዶርዜ ልጅ ሌላ ነው። ልዩነቱ ያለው በሽመናው አይደለም፤ ልጁ ሲፈልግ መተው መቻሉ ላይ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ያድርጉ? ብዙ አያስፈልግም። አንደኛ ነገር የሠራችውን አያስተካክሉላት፣ አያቷም እንዳያስተካክሉ በትሕትና ይንገሯቸው። አያት ጠርዙን አይተው እጃቸው እንደሚያሳክካቸው አውቃለሁ። ሲጠየቁ ብቻ ያሳዩ። ከዚያ የዕቃውን ዓይነት ያብዙላት። ከጥጥ ክር ሌላ ሲባጎ፣ ቀጭን ሽቦ፣ በረጅሙ የተቀደደ አሮጌ ነጠላ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክር ይስጧት። ኪሮሹ ያው ነው፣ ዕቃው ሲቀየር ግን ሕጉ ሁሉ ይቀየራል። ሽቦ እንደ ክር አይተረተርም፤ አንዴ ከታጠፈ ያስታውሳል። ያን ስታገኝ ምን እንደምታደርግ ማየት ነው ደስታው። ሁሉም ተቆርጦ፣ ተለክቶ፣ «እንዲህ አድርጊ» የሚል ወረቀት ተጨምሮበት በሳጥን የሚሸጠውን ግን አይግዙ። ዋናውን ሐሳብ ሌላ ሰው ጨርሶታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቋት። ልጅ ይህን ሲጠየቅ መልስ ለማግኘት ሲል ስም ይፈልጋል፤ «ቆብ ነው»፣ «ቦርሳ ነው» ይልና ሥራው እዚያው ይቆማል። «ቀጥሎ ምን ልታደርጊ ነው?» ይበሏት። «እዚህ ጋ ለምን ሰፋ?» ይበሏት። የተረተረችውን ከመተርተሯ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱላት። ከስድስት ወር በኋላ ፎቶዎቹን በተራ ስታይ የራሷ ሐሳብ እንዴት እንደሄደ ትመለከታለች። ለአርቲስት ይህ ማስታወሻ ደብተር ነው።

ከዩቲዩብ እያየች የምትቀዳ ከሆነም አይጨነቁ። መቅዳት ሕጉን መማሪያ ነው። የሚያሳስበኝ ስትቀዳ ውላ የራሷን ሙከራ ካቆመች ብቻ ነው።

ድሮ በብዙ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ማርክ ስለሚያዝበት ስንቱ ተማሪ እናቱን አሠርቶ፣ አንዳንዱም ከገበያ ገዝቶ ያመጣ ነበር። መምህሩም የሚያየው ያለቀውን ዕቃ ነው። ልጁ የት ጋ ተቸገረ፣ ምን ቀየረ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ልጅዎ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካላት ማርኩን ብዙ አያክብዱት።

የመጨረሻው የሥዕል ክፍሉ ነው። አባቷ ተሳስተዋል አልልም። መሣል ይጠቅማታል፤ ያሰበችውን ከመሥራቷ በፊት ወረቀት ላይ እንድታየው ያስችላታል። በሳምንት አንድ ቀን ብትሄድ መልካም ነው፣ ዳንቴሉ ሳይቀነስ። ክፍሉን ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ። ልጆች ሁሉ አንድ ፎቶ ተሰጥቷቸው ያንኑ እየገለበጡ የሚወጡበት ክፍል አለ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ወላጅም ይደሰታል፤ ልጅዎ ግን በኪሮሿ ካለችበት ወደ ኋላ ትመለሳለች። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቀን ገብተው ይቀመጡ። የአሥሩም ልጅ ሥራ አንድ ዓይነት ከሆነ ይውጡ። ለመምህሩም እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «ልጄ ክርና ኪሮሿን ይዛ ብትመጣ፣ ከሥዕሏ ጋር ብትቀላቅለው ይፈቀዳል?» አዎ ካለ ያስመዝግቧት። አይቻልም ካለ ሌላ መምህር ይፈልጉ፤ አትቸኩሉ፣ ገና 10 ዓመቷ ነው።